ከጨፋ ሮቢት እስከ ሴባስቶፖል፦ የመቅደላ ጉዞ መመሪያ

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1805 ትራፋልጋር ላይ የተዋጋውን ባለ ሸራ የጦር መርከባቸውን፣ ቪክቶሪን፣ ፖርትስማውዝ ወደብ ላይ አቁመው እስከ ዛሬ ሕዝብ ያስጎበኛሉ። ስዊድኖች ደግሞ ቫሳ የተባለችውን መርከባቸውን ሙዚየም ሠርተውላታል። ቫሳ እ.ኤ.አ. በ1628 የመጀመሪያ ጉዞዋን በጀመረች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስቶክሆልም ወደብ ላይ ሰጠመች፤ ከ333 ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ ከባሕር ሥር አወጧት። እኛም መርከብ ነበረችን። የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ «ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ ተገኝታ፣ በ1991 ወደ የመን ሸሽታ፣ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ስለዚህ የጨፋ ሰው ልጆቹን ይዞ የድሮ የጦር መርከብ ላሳይ ቢል አገሩ ውስጥ የሚደርስበት የለም።

ከነዚህ መርከቦች ጎን ቢቆም የማያፍር አንድ የጦር መሣሪያ ግን አለን፤ ያለውም እዚሁ ወሎ ውስጥ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደርሶ እዚያው ቀረ። ስሙን ያገኘው በክራይሚያ ጦርነት ለአንድ ዓመት ያህል ከተከበበው የሩስያ የባሕር ኃይል ከተማ ነው። ሩስያውያን እ.ኤ.አ. በ1854 ባለ ሸራ የጦር መርከቦቻቸውን በገዛ እጃቸው አስጥመው የወደቡን በር የዘጉት እዚያ ነበር። የዚያ ከበባ ወሬ ቴዎድሮስ ጆሮ ደርሶ፣ ባሕር በማይታይበት ደጋ ላይ የተሠራው መድፍ ስሙን ወረሰ።

ይህ ጽሑፍ ከጨፋ ሮቢት፣ ከከሚሴ ወይም ከአካባቢው ተነሥታችሁ መድፉን ለማየት ለምትፈልጉ ነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ መድፉ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ጉዞውን ማባከን ነው። የሴባስቶፖል ታሪክ ያለው በተጎተተበት መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ መኪና የሚደርስበት ቦታ ሁሉ በመኪና ለመድረስ አትቸኩሉ፤ የመጨረሻውን መንገድ በእግራችሁ እንድትወጡት አድርጋችሁ ፕሮግራማችሁን ያዙ።

ከመነሣታችሁ በፊት

ከሁሉ አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም አጣሩ። ያለፉት ዓመታት በዚህ መስመር ላይ ምን እንዳመጡ ለጨፋና ለከሚሴ ሰው አይነገረውም። ከደሴ ወደ ተንታ የሚሄዱ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ እዚያ ዘመድ ወይም የምታውቁት ነጋዴ ካለ በመነሻችሁ ዋዜማ ደውሉ። ጥርጣሬ ካለ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። መታወቂያችሁን ከኪሳችሁ አትለዩ፤ ልጆች ካሏችሁ የተማሪነት መታወቂያቸውን ይያዙ።

ወቅቱን በተመለከተ ምርጡ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። ሐምሌና ነሐሴ አይታሰቡም፤ ጭቃው መኪናውንም በቅሎውንም ያስቸግራል፣ ጉሙም አምባው ላይ ሆናችሁ ማየት ያለባችሁን ሁሉ ይሸፍነዋል። ብዙ ሰው ቴዎድሮስ የሞቱበትን ዕለት፣ ሚያዝያ 6ን፣ አስቦ መሄድ ይወዳል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ሚያዝያ በወሎ ደጋ የበልግ ዝናብ የሚጥልበት ወር መሆኑን አትርሱ። በአምባው ግርጌ አሮጌ ላይ ጦርነቱ በተደረገበት ዕለትም ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያለበት ዝናብ ወርዷል። በዚያ ሰሞን የምትሄዱ ከሆነ የዝናብ ልብስ ያዙ፣ ቀኑንም አታጣቡት።

ጓዛችሁ ቀላል ይሁን፤ ዳገት ላይ አንድ ኪሎ አምስት ይሆናል። ግን የሚከተሉትን አታስቀሩ፦ በደንብ የለመዳችሁት፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ (አዲስ ጫማ ለዚህ መንገድ አይሆንም)፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውኃ የሚይዝ ዕቃ፣ ኮፍያ ወይም ሻሽ፣ የእጅ ባትሪ፣ ቻርጅ የተደረገ ስልክ፣ ዝርዝር ብር፣ እና ጋቢ። ጋቢውን አደራ። የጨፋ ሰው በቦርከና ሙቀት ለምዶ የደጋውን ብርድ ይንቃል፤ መቅደላ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያልፋል፣ ሌሊቱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ ብርድ አለው። በሶ፣ ቆሎና ተምር ስንቅ ይሁኗችሁ። ሙስሊም ተጓዦች በመንገድ ላይ ሥጋ ስትመገቡ በማን እጅ እንደታረደ መጠየቅ የወሎ ወግ ነው፤ የሚከፋ የለም። አማራጭ ከጠፋ ሽሮውና ምስሩ ሁሉን ያስማማል። አንድ ሜትር፣ ማለትም ልብስ ሰፊና አናጢ የሚለካበትን፣ ከሻንጣችሁ አስገቡ፤ ለምን እንደሚጠቅም በኋላ እነግራችኋለሁ።

ከጉዞው በፊት ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ቸርችል ጎዳና ላይ ቴዎድሮስ አደባባይ ጎራ በሉ። እዚያ የቆመው የሴባስቶፖል አምሳያ ነው። የአፉን ስፋትና ቁመቱን ለኩና ማስታወሻ ላይ ያዙ። ዋናውን ስታዩ ዓይናችሁ ዝግጁ ይሆናል።

እስከ ደሴ

ጨፋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ ስለሆነች ችግር የለም። በጠዋት ተነሥታችሁ ወደ ከሚሴ ግቡ፤ ከዚያ ሐርቡን፣ ኮምቦልቻን አልፋችሁ ደሴ ናችሁ። በቀጥታ ደሴ የሚል መኪና ካጣችሁ እስከ ኮምቦልቻ ሂዱና እዚያ ቀይሩ። ከኮምቦልቻ በኋላ የሐረጎ ዳገት ይጀምራል፤ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ፣ ከቆላ ወደ ደጋ የሚደረገው መሻገር በአንድ ሰዓት ውስጥ ፊታችሁ ይዘረጋል። ስትመለሱ ደሴ መናኸሪያ ላይ «ሮቢት» ብላችሁ ብቻ ትኬት አትቁረጡ፤ ሸዋ ሮቢት ሊወስዷችሁ ይችላሉ። «ጨፋ ሮቢት» በሉ።

ያን ዕለት ደሴ እደሩ። በአንድ ቀን ከጨፋ ተነሥቶ መቅደላ ላይ ለመውጣት መሞከር ምንም አያስገኝም፤ ሰውነትም ለከፍታው ጊዜ ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ለማየት አውሉት። ወሎ ከቴዎድሮስ በኋላ እንዴት እንደገና አቅም እንዳገኘ የሚያሳይ ሕንፃ ነውና ለነገው መንገድ መግቢያ ይሆናል። የባንክ ጉዳይም ካለባችሁ እዚሁ ደሴ ጨርሱ። ከዚህ በኋላ የምትከፍሉት ሁሉ በጥሬ ብር ነው ብላችሁ ተዘጋጁ።

ከደሴ እስከ ተንታ

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ መናኸሪያ ተገኙ። የገጠር መኪና ጠዋት ሞልቶ ይሄዳል፤ አርፍዶ የመጣ ቀኑን ያጣል። የምትፈልጉት በኩታበር በኩል ወደ ተንታ የሚሄደውን ነው። መኪናው አጅባር የሚል ሊሆን ይችላል፤ ሳይንት ውስጥም አጅባር የሚባል ከተማ ስላለ «የተንታው ነወይ?» ብላችሁ ሳታረጋግጡ አትሳፈሩ።

እንደደረሳችሁ መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። ጉብኝታችሁን አስመዝግቡ፣ የሚከፈል ካለ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የአካባቢውን መንገድ የሚያውቅ አስጎብኚ እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ዝግ ነውና በሥራ ቀን ድረሱ። ያለ አስጎብኚ መውጣት መንገድ ያስታል፤ ከዚያ በላይ ግን የአካባቢው ሰው «እነማን ናቸው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስላችሁ ሰው ያስፈልጋል። የበቅሎና የአስጎብኚ ዋጋ ከመንገድ በፊት ተስማሙ፤ ስለ መመለሻውም አብራችሁ ተነጋገሩ። በቅሎ ለአረጋውያንና ለጓዝ ነው፤ ጉልበት ያላችሁ በእግር ሂዱ። መኪና በዚያ ሰሞን እስከየት እንደሚገባ፣ የት ላይ እንደሚያቆም እዚያው ጠይቁ፤ የገጠር መንገድ ከክረምት ክረምት ይለዋወጣል።

የደረሳችሁበት ሰዓት ከቀትር ካለፈ ያን ቀን አትውጡ። እዚያው አድራችሁ በማግሥቱ ማልዳችሁ ተነሡ።

ዳገቱን ስትወጡ

አሁን የምለምናችሁ ነገር ቢኖር ቀስ ብላችሁ እንድትሄዱ ነው። በየጥቂቱ ቁሙ፣ ወደ ኋላ ተመልከቱ፣ ከዚያም እንዲህ ባለ ዳገት ላይ ሰባት ቶን የሚመዝን ነሐስ ሲጎተት አስቡ።

መድፉ የተሠራው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በተባለ ቦታ ነው። እዚያ የሠሩት በአብዛኛው ለወንጌል ስብከት መጥተው በንጉሡ ትእዛዝ ወደ መሣሪያ ሥራ የተዛወሩ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ናቸው፤ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር እና ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆል ከመካከላቸው ይገኛሉ። ከነሱ ጋር የደከሙት ስማቸው ያልተጻፈ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ግን ይበልጣሉ፤ እንጨቱን የቆረጠ፣ ከሰሉን ያከሰለ፣ ወናፉን የነፋ፣ ጭቃውን የረገጠ የአገር ሰው ነው። እሳቱ ተሳክቶ መድፉ በወጣ ጊዜ የንጉሡ ደስታ ወሰን እንዳልነበረው ዋልድማየር ጽፏል።

ቴዎድሮስ መስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። ያኔ ሰፊው ግዛታቸው ከእጃቸው ወጥቷል፤ የቀራቸው ሠራዊቱ፣ እስረኞቹና መድፎቹ ነበሩ። እስከ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። ዛሬ በመኪና በአንድ ቀን የሚያልቅ ርቀት ስድስት ወር የወሰደው በፊታቸው መንገድ ስላልነበረ ነው። ለመድፉ የሚሆን መንገድ ራሳቸው እየሠሩ፣ ገደል እየሸረፉ፣ ድንጋይ እየደለደሉ በዋድላና በደላንታ አድርገው ወደ በሽሎ ወረዱ። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደነበር አብረው የነበሩ ሰዎች መስክረዋል። ሴባስቶፖል በእንጨት ጋሪ ላይ ሆኖ ዳገት ላይ ለመጎተት ብቻ እስከ 500 ሰው ይፈልግ ነበር፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከኋላ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል፣ አንድ ገመድ ቢበጠስ ፊት ያለው ሁሉ ያልቃል።

ከደላንታ ሜዳ እስከ በሽሎ ወንዝ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከወንዙ እስከ መቅደላ ደግሞ ዳገቱ ያንኑ ያህል ይመለሳል። በኋላ በዚያው መንገድ የወረዱት የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ሥራውን ሲያዩ ተደንቀዋል። ይህን የምነግራችሁ ለአድናቆት ብቻ አይደለም። ከተንታ ስትመጡ የምትገቡት በደቡብ በኩል ነው፤ መድፉ የመጣው ግን በሰሜን ነው። ስለዚህ አስጎብኚያችሁን አስቀድማችሁ «የበሽሎን ገደል ወደሚያሳየው ዳር ውሰደን» በሉት። ብዙ ጎብኚ መድፉን አይቶ፣ ሳያውቅ በመጣበት ይመለሳል።

አምባው ላይ

እንደወጣችሁ ወደ መድፉ አትሩጡ። መጀመሪያ ወደ ሰሜኑ ዳር ሂዱና ተቀመጡ። ፊታችሁ እስላምጌ የተባለው ደልዳላ ቦታ አለ፤ ከሱ ወዲያ የሥላሴ ተራራ፣ ቀጥሎ ፋላ። ከፋላ በታች አሮጌ ይባላል። ከአሮጌ ወዲያ የበሽሎ ሸለቆ፣ ከሸለቆው ወዲያ የደላንታ ገመገም። ይህን ካርታ በዓይናችሁ ካልያዛችሁ ታሪኩ አይገባችሁም፤ ከያዛችሁት ግን የቀረው ቀላል ነው።

ልጆች ካሏችሁ እዚህ ላይ እንዲህ ብላችሁ ንገሯቸው። ቴዎድሮስ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ አልመጣም። ተቆጥተው የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። እንግሊዝ ጄኔራል ናፒየርን ከ13,000 በላይ ወታደርና መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች አስይዛ ከሕንድ ላከች። ጦሩ ዙላ ላይ ከመርከብ ወርዶ፣ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አሮጌ ደረሰ። ፊታውራሪ ገብርዬ የንጉሡን ሠራዊት እየመሩ ከፋላ ቁልቁል ወረዱባቸው። ከላይ ከተተኮሱት መድፎች ትልቁና በንጉሡ ስም የሚጠራው በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ።

ወደ መርከቦቹ ነገር የምመለስበት እዚህ ነው። በዚያ ቀን ከእንግሊዝ በኩል ሮኬት እየተኮሱ የሐበሻን ጦር የበተኑት መርከበኞች ነበሩ። ቀይ ባሕር ላይ ከቆሙት የጦር መርከቦች ተውጣጥተው፣ የሮኬት ማስወንጨፊያቸውን በበቅሎ ጭነው ይህን ተራራ የወጡ የባሕር ሰዎች ናቸው። ገብርዬ ወደቁ፤ ከኢትዮጵያውያን ወገን ወደ 700 ሰው ሞተ፣ ከ1,000 በላይ ቆሰለ። ከእንግሊዝ የቆሰለው 20 ያህል ነው፤ ከነዚህ ሁለቱ በኋላ ሞቱ። ይህን ልዩነት የፈጠረው ከኋላ በኩል የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ነው። ሴባስቶፖል ያን ሁሉ ድካም ጠጥቶ በውጊያው ላይ ምንም አልፈየደም። በፋሲካ ማግሥት፣ ሚያዝያ 6፣ አምባው ሲደፈር ቴዎድሮስ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከ ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

አሁን ወደ መድፉ ሂዱ።

ሜትሩን አውጡ። የአፉን ስፋት፣ የግድግዳውን ውፍረት፣ ከአፈር በላይ ያለውን ቁመት ለኩ፤ አዲስ አበባ ከለካችሁት አምሳያ ጋር አስተያዩ። በብዙ ጽሑፍ ላይ ክብደቱ 70 ቶን የሚል ታገኛላችሁ፤ እሱን አትቀበሉ። 70 ቶን ነሐስ ወደ 8 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል፤ ማለትም አንድ ትንሽ ክፍል ሙሉ ድፍን ነሐስ ነው። ፊታችሁ ያለው መድፍ ግን ከአንድ ሜትር ኩብ ያነሰ ነሐስ ነው፤ ወደ 7 ቶን ገደማ። ልጆቹ ራሳቸው ያስሉት፤ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ይችላል። ቁጥሩ ወደ ትክክለኛው ሲወርድ የቴዎድሮስ ሥራ አያንስም። 70 ቶን ጎተቱ ከተባለ ተረት ይሆናል፤ 7 ቶን በዚህ ገደል ላይ ጎተቱ ሲባል ግን ቆመን የምናየው እውነት ነው። እስከ 450 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ ወይም አረር እንዲወረውር ታስቦ ነበር የተሠራው፤ አፉ ለምን እንደዚያ እንደሰፋ ከዚህ ይገባችኋል።

ገጹን በእጃችሁ ከመንካታችሁ በፊት አስጎብኚውን አስፈቅዱ። አትውጡበት፣ ልጆች እላዩ ላይ እንዲቀመጡ አትፍቀዱ፣ ስም መጻፍ ደግሞ ነውር ነው። እንግሊዞች ሌሎቹን መድፎች ሲያወድሙ፣ ግምጃ ቤቱን ሲያራግፉ፣ ይህን ትተውት ሄዱ፤ ማንም ሊሸከመው አልቻለም። ቫሳ የሰጠመችው ከላይ በጣም ስለከበደች ነው፤ በመስጠሟም ከሌሎቹ የዘመኗ መርከቦች ተለይታ ቀረች። ሴባስቶፖልንም ያቆየልን ክብደቱ ነው። ሌላው የመቅደላ ንብረት ዕድሉ ይህን አልሆነም። የተዘረፈው መጽሐፍ፣ ጽላት፣ ዘውድና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ቀደም ብላችሁ ከተቀመጣችሁበት ከሰሜኑ ዳር ሆናችሁ ያን ሜዳ ታዩታላችሁ። ከተዘረፈው ጥቂቱ ተመልሷል፤ የቴዎድሮስ ፀጉር እ.ኤ.አ. በ2019 ከለንደን መጥቷል። ብዙው ግን ዛሬም እንግሊዝ አገር ነው። የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁም እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞተውበት በመርከብ ተወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ አርፎ ዊንድሶር ተቀበረ።

ቀጥሎ የንጉሡን መቃብር ቦታ ጠይቁ። በመጀመሪያ የተቀበሩት በአምባው መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አጽማቸው በኋላ ወደ ቋራ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም ተወስዷል ይባላል። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስትገቡ ጫማ ማውለቅና ነጠላ ማድረግ ታውቃላችሁ፤ ክርስቲያን ያልሆናችሁ ከቅጥሩ ውጭ ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ መግባት ከፈለጋችሁ ካህኑን ጠይቁ።

የወሎ ሰው እዚህ ሊጠይቀው የሚገባው ነገር

አስጎብኚዎች ብዙውን ጊዜ የንጉሡንና የእንግሊዝን ታሪክ ብቻ ይናገራሉ። ከጨፋ፣ ከከሚሴ፣ ከአርጡማ የመጣ ሰው ግን ሦስተኛውን ወገን ይጠይቅ። መቅደላ ቴዎድሮስ ከመምጣታቸው በፊት የወሎ ኦሮሞ ባላባቶች አምባ ነበር፤ ንጉሡ በ1847/48 ዓ.ም. ዘምተው ነው የያዙት። ከዚያ በኋላ በወሎ ላይ የተደረገው ዘመቻ ከባድ ነበር፤ ሕዝቡም እስከ መጨረሻው አልተንበረከከም። በዚህ አምባ ላይ ከታሰሩት መካከል የወሎ ገዥ የነበረችው የወይዘሮ ወርቂት ልጅ ኢማም አመዴ ይገኝ ነበር። በሰኔ 1857 ዓ.ም. እዚያው ታስረው የነበሩት ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ በሌሊት አምልጠው የወርቂትን አገር ተሻግረው ሸዋ ገቡ። ወርቂት እንዲያልፉ ፈቀደች፤ ልጇን ለማስፈታት ልትለውጣቸው ትችል ነበር። ቴዎድሮስ በቁጣ አመዴን ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር አስገደሉት።

አስጎብኚውን «ወርቂት ስትል ምን ታውቃለህ? ወይዘሮ መስታወትስ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁለቱ የወሎ ሴት ገዦች በእንግሊዝ ጦር ዙሪያ ምን ሚና እንደነበራቸው የአካባቢው ሽማግሌዎች የሚሉት ይኖራቸዋል። ካዳመጣችሁ ጻፉት ወይም በፈቃዳቸው ቅዱ። እኔ ቴዎድሮስን እወዳለሁ፤ በዚህ ተራራ ላይ ያን መድፍ ያወጣ ልብ እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። ወርቂትም እንድትረሳ አልፈልግም። ልጆቻችሁ ሁለቱንም አንድ ቦታ ቆመው ቢሰሙ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ የማያገኙትን ይዘው ይመለሳሉ።

ስትመለሱ

ከአምባው ለመውረድ የቀረውን ብርሃን አስሉ። ጀምበር ሳታዘቀዝቅ የመጨረሻውን ገደል ማለፍ አለባችሁ፤ ቁልቁለት ጉልበት ያደክማልና ዱላ ያዙ፣ ልጆችን ፊት ፊት አትስደዱ። ውኃችሁን እስከ መጨረሻው አትጨርሱ። ፕላስቲክ ዕቃ አምባው ላይ አትጣሉ፣ ይዛችሁት ውረዱ። ሶላት ያለባችሁ ሰዓቱን ከአስጎብኚው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ መንገድ ላይ ውኃና ጥላ ያለበትን ቦታ ያውቃል። አስጎብኚውን ከተስማማችሁበት በላይ ትንሽ ጨምሩለት፤ ታሪኩን የሚጠብቀው እሱ ነው።

ተንታ እደሩ፣ በማግሥቱ በጠዋቱ መኪና ደሴ ግቡ። ከደሴ ወደ ከሚሴ ከቀትር በፊት ከተነሣችሁ ጨፋ ሮቢት በብርሃን ትደርሳላችሁ። ለካችሁ የጻፋችሁትን ቁጥር በአካባቢያችሁ ላለ የትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ ስጡ፤ መምህራን በዚያ ላይ ተመሥርተው ተማሪዎች መድፉን በትክክለኛ ልኩ በጭቃ ወይም በካርቶን እንዲሠሩት ማድረግ ይችላሉ።

ጉዞው ከጣማችሁ ቀጣዩ ደብረ ታቦር ነው። ጋፋት ከከተማው ብዙ አይርቅም፤ መድፉ የተሠራበትን ቦታ ማየት ትችላላችሁ። የመጓጓዣው መስመር በወልድያና በጋሸና በኩል ስለሆነ ከመቅደላ ጋር በአንድ ጉዞ አታጣምሩት፤ ለሱ ሌላ ሳምንት ያዙለት።